ሰኞ ግራ፣ ማክሰኞ ቀኝ

ጥቅምት 6

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከተላጠው ተረከዜ በቀር ደህና ነኝ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ፤ አንዱን ከዘለልኩ እንደምታኮርፊ አውቃለሁ። አዎ፣ ብርድ ልብሱ ይበቃኛል። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ አከራዬ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ብቻ ‹ደህና ይደሩ› ለማለት ሰፈሩን ሁሉ እቀሰቅሳለሁ። አይ፣ ውሃ ቢሮው መኪና አልሰጠኝም። መኪናውስ አለ፤ ጎማ ነው የሌለው። የሰጡኝ አንድ ደብተር፣ አንድ የእጅ ባትሪና ቁመቱ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ የብረት ዘንግ ነው። ስለዚህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የውሃ ቆጣሪ በየወሩ በእግሬ እየዞርኩ አነባለሁ ማለት ነው።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ሁለት መንገድ አላት፤ በታችኛው ይኖራሉ፣ በላይኛው ይተማማሉ። ከሁለት መንገድ ውስጥ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠፋሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ቆጣሪ ፍለጋ በአንዱ ጓሮ ገብቼ በሌላው እወጣለሁ፤ ውሻ ያባርረኛል፤ ባለቤቱ ይስቃል። ግን እታለም፣ ሰውን ለማወቅ ቆጣሪውን የት እንዳስቀመጠ ማየት ይበቃል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የቆጣሪዋን መስታወት በየሳምንቱ ትወለውለዋለች። ጡብ አቃጣዩ ደግሞ በአሸዋ ቀብሮት ‹እስኪ ፈልገው!› ይለኛል። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ቆጣሪው ከወንበሩ ሥር ስለሆነ ደንበኛው ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ እስኪነሳልኝ ቆሜ እጠብቃለሁ።

በላይኛው መንገድ መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሠሪ አሉ። ለስላሳ ቡናማ ቆዳ፣ የማያዳልጥ ሶል። ላንቺ ላሠራልሽ ነውና የእግርሽን ልክ ላኪልኝ። ሐኪሙ ያለሽን እኔ አልረሳሁም፤ ‹በየቀኑ ተራመጂበት፤ ጥር ሳያልቅ ካልተራመድሽበት ጉልበትሽ እንደታጠፈ ይደርቃል› ነው ያለሽ። ስንለያይ በምርኩዝ ከአልጋ እስከ መስኮት ነበር የምትሄጂው። አሁንስ? ደረጃውን ወረድሽው?

ወንድምሽ ዳዴ

ረስቼው፦ ከደረጃው ሥር ያለው የቤታችን ቆጣሪ ስንት ደረሰ? የሰው ሁሉ ቁጥር በራሴ ውስጥ እየዞረ የራሴን ቤት አለማወቄ አሳፈረኝ።

ጥቅምት 17

ለዳዴ፣

ተረከዝህን ለብ ባለ የጨው ውሃ ንከረው። ‹ነክሬዋለሁ› ብለህ እንዳትዋሸኝ፤ ንከረው።

ከተማ በእግሬ አዳረስኩ ብለህ ልትኮራብኝ ነው? ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶህ በቂጥህ ስትንፏቀቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ‹ይሄ ልጅ እግር የለውም እንዴ?› ሲል፣ ሁለት ጣቶቼን አስጨብጬ ወደኋላ እየሄድኩ ዳዴ ያስባልኩህ እኔ ነኝ። እናታችን ‹ተይው፣ ሲፈልግ ይሄዳል› ስትል እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ስምህም ከዚያ ቀረ። ስለዚህ እየተራመድክ ቆጣሪ ባነበብክ ቁጥር ግማሹ ምስጋና የእኔ ነው።

የእግሬን ልክ በክር ልኬልሃለሁ። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ርዝመቱ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ቋጠሮ ወርዱ። የለካሁት ግራዬን ነው፤ ሁለቱም እኩል ናቸውና አትጨነቅ። ክሩን እንዳትጥለው፣ ጥሩ ክር ነው።

ጉልበቴን በተመለከተ፦ እራመዳለሁ። ሐኪሙም ደስ ብሎታል። ሌላ ጥያቄ?

ቆጣሪውን ደግሞ ፎቶ አንሺውን ጠይቀው። ታች ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ከሚያዛጋ አንድ ቁጥር ቢያነብ አይሞትም። እኔ ሰው ቀሚስ እየጠበቀኝ ቆጣሪ ሥር አልንበረከክም። ደብዳቤዎቼንም ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ እሱ ነው። መንገዱ ስለሆነ ነው፤ ሌላ አይምሰልህ።

እንዲህ ዘርዝረህ ስትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ስልክ አትደውል፤ በስልክ ‹ደህና ነኝ› ብለህ ትዘጋብኛለህ። ጻፍልኝ። ገጠሩንስ አየኸው?

እህትህ

ኅዳር 2

ለእታለም፣

ነክሬዋለሁ። እውነቴን ነው።

ገጠሩን አየሁት። አየሁት ብቻ ሳይሆን ሰማሁት! ምንጩ ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ቱቦው ከዚያ ድረስ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ይመጣል። በወር አንዴ መስመሩን ተከትዬ ወጥቼ የሚያፈስ ቦታ መፈለግ አለብኝ። የብረት ዘንጉ ሥራ ይሄ ነው። አንዱን ጫፍ አፈሩ ውስጥ ሰክቼ ቱቦው ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ሌላውን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ደህና ቱቦ ዝም ነው። የሚያፈስ ቱቦ ‹ሽሽሽ› ይላል፣ ልክ አንቺ እንግዳ ሲመጣ ዝም እንድል እንደምታደርጊኝ። እርሻ ላይ የነበሩ ሰዎች ሜዳ መሀል ተንበርክኬ ብረት ሳዳምጥ አይተው ‹ብረቱ ምን አለህ?› አሉኝ። ‹ሰላም ብላችኋለች› አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር ‹ዛሬስ ምን አለች?› ይሉኛል።

ከእንጨቱ ድልድይ ወዲያ መንገዱ በችግኝ ጣቢያው አጥር ሥር ያልፋል፤ ከዚያ ዳገቱ። ዳገቱን ስጨርስ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ግን ከተማዋ በሙሉ ከእግሬ ሥር ሆነች፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ጣሪያ። የትኛው የማን እንደሆነ አውቄ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አንቺ አጠገቤ ብትሆኚ ብዬ ተመኘሁ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ ‹የዚያችኛዋ መጋረጃ አጭር ነው› ትይ ነበር።

ምንጩ ላይ አንዲት ጠባቂ አሉ፤ ዘመናቸውን ሙሉ በጎማ ቦቲ ውሃ ሲጠብቁ የኖሩ፣ እንዳንቺ ምላሳቸው የማይዝል ሴት። ልጃቸው ነርስ ሆና ልትመረቅ ነውና ለምርቃቱ እሳቸውም እኚያው ጫማ ሠሪ ዘንድ ጫማ አሠርተዋል። ‹ከሠርጌ ወዲህ የመጀመሪያው ጫማዬ ነው፤ ቀኑ እስኪደርስ አልነካውም› አሉኝ።

ያንቺም ተሠርቶልሻል፤ በፖስታ ልኬዋለሁ። የሽማግሌው አሠራር ቢያስቅሽ፦ ሰኞ ሰኞ ግራ ግራውን ብቻ ይሠራሉ፣ ማክሰኞ ቀኝ ቀኙን። ‹እጅ አንዴ ወደ ግራ ከዞረ ግራውን ይጨርስ› ባይ ናቸው። ሲያልቅ ደግሞ ሸራ ውስጥ ሰፍተው ነው የሚሰጡት። ጫማ ከሠሪው እጅ ወደ ባለቤቱ እግር ነው የሚሄደው፤ መሀል ላይ የሌላ ሰው ዓይን ካረፈበት ይጠብባል አሉኝ። እኔም ሳልከፍት እንዳለ ላክሁልሽ።

አንድ ልነግርሽ የፈለግሁት ነገር ነበር። ይቆይ።

ወንድምሽ

ኅዳር 14

ለዳዴ፣

ጫማው ደረሰኝ። ልክ ነው! ልክክ! እጃቸው ይባረክ በልልኝ። ቆዳው ቅቤ ነው፤ ስፌቱን እንኳ አገላብጬ አይቼ እንከን አጣሁበት፣ እኔ እህትህ አጣሁ!

ሁለቴ ገበያ ሄድኩበት። መጀመሪያ ማክሰኞ፣ ቀጥሎ ቅዳሜ። ብርቱካን ሻጭዋ ‹እንዴ! ከየት አገኘሽው?› አለችኝ። ‹ውሃ የሚቆጥር ወንድም አለኝ› አልኳት። ጥላዋን ወደ ቀኝ አዙራዋለች፤ ፀሐዩ አስቸግሯት ይሆናል። ወፍጮ ቤቱ በሩን ሰማያዊ ቀብቷል። እንደምታየው ዓይኔም እግሬም ደህና ናቸው።

ያች ጠባቂ ደስ አለችኝ። ሜዳ ላይ ብረት ማዳመጥህንም ለፎቶ አንሺው ነግሬው አንድ ቀን ሙሉ ሳቀ።

‹ልነግርሽ የፈለግሁት ነበር፣ ይቆይ› ብለህ የቆረጥከው ምንድን ነው? ሴት ከሆነች ቁመቷን ላክልኝ፣ ቀሚስ እጀምራለሁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 3

እታለም፣

እንደምን ነሽ አልልሽም። ዛሬ ብጠይቅሽም አላምንሽም።

ጠዋት ጫማ ሠሪው ቤት ቆጣሪ ለማንበብ ጎንበስ ብያለሁ። በሩ ተበረገደና የምንጩ ጠባቂ ገቡ። ሰባቱን ኪሎ ሜትር በቦቲያቸው ወርደዋል፤ ላቡ ከግንባራቸው ይንቆረቆራል። አንድ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉና ‹እኔ ስንት እግር ያለኝ ይመስልዎታል?› አሏቸው።

‹ሁለት› አሉ ሽማግሌው።

‹ሁለቱም ቀኝ ናቸው?›

ለካ ትናንት ‹እስኪ ልሞክረው› ብለው ሸራውን ቢተረትሩት ሁለት ቀኝ ጫማ ኖሯል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ ደግመው አወለቁ። ‹በዚያ ሳምንት በዚህ ልክ ለሁለት ሴቶች ነው የሠራሁት› አሉ። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ‹የእህቴስ ደህና ነው። ሁለቴ ገበያ ሄዳበታለች› አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት እኮ! ደረቴን ነፍቼ!

ጠባቂዋ ጥቅሉን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ቀስ ብለውም ‹የኔ ልጅ፣ በሁለት ግራ ጫማ ገበያ አይኬድም› አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የገባሁበትን ቤት አላውቀውም። የመድኃኒት ቤቷን ቁጥር በጡብ አቃጣዩ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ለካ ‹ስልክ አትደውል፣ ጻፍልኝ› ያልሽው ድምፅሽ እንዳያሳብቅብሽ ነው። ለካ ፎቶ አንሺው ደብዳቤሽን የሚወስደው መንገዱ ስለሆነ አይደለም። እታለም፣ ጥር ሊደርስ ነው! ጉልበትሽ ከደረቀ ምን ልትሆኚ ነው?

ልነግርሽ የነበረው ሴት አይደለም። ሦስተኛው ደረጃ ነው። ‹ይወዛወዛል፣ ሚስማር ምታበት› ያልሽኝ በመጋቢት ነበር፤ እኔ ደግሞ ነገ ነገ ስል አንቺ በሰኔ ወደቅሽ። አንድም ቀን አልወቀስሽኝም። ብትወቅሽኝ ይሻለኝ ነበር። እዚህ ዳገት በወጣሁ ቁጥር የምራመደው በአንቺ እግር ይመስለኛል። ይቅር በይኝ።

እስከ ወሩ አጋማሽ እውነቱን ካልጻፍሽልኝ መልቀቂያዬን አስገብቼ እመጣለሁ።

ዳዴ

ታኅሣሥ 11

ዳዴ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔን ያጠራችው ቦቲ ያደረገች ሴት ናት።

መጀመሪያ ሽንጤን ገትሬ ልክድ ነበር። ‹ሽማግሌው ተሳስተው ነው› ብዬ ሁለት መስመር ጻፍኩና ቀደድኩት። ጥቅሉ ሲደርሰኝ አንዱን አወጣሁ፣ ግራዬ ላይ አደረግሁት፣ ልክ ሆነ። እሱን አልዋሸሁህም። ሌላውን ግን ከተጠቀለለበት ወረቀት ሳላወጣ አልጋው ሥር ገፋሁት፤ ቀኜን ለመሞከር ልቤ እምቢ አለኝ። አሁን ደብዳቤህ ሲደርስ በምርኩዙ ጎትቼ አወጣሁት። እውነትም ግራ! ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ደረጃውን አልወረድኩም። አንዴም። ሐኪሙ ጋ ከመስከረም ወዲህ አልሄድኩም። የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በቀኜ ነበርና እሱንም ጨርቅ አልብሼ ቁልፍና ጠርዝ በእጄ እሰፋለሁ። የብርቱካን ሻጭዋ ጥላና የወፍጮ ቤቱ በር በመስኮት የሚታዩ ናቸው። ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ታቹን ሳየው ራሴን ያዞረኛል። ሰው አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ይፈራል? እኔ ፈራሁ። ይህን በሕይወቴ ለማንም ብዬ አላውቅም።

ያልነገርኩህ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ነው። ሁለት ዓመት ፈልገህ ያገኘኸውን ሥራ የእኔ ጉልበት ሊያስጥልህ? በደብዳቤህ ውስጥ እኮ ስትስቅ ይሰማኛል። አንተ ‹ዳገቱን ወጣሁ› ስትል እኔም እዚህ አልጋዬ ላይ ያልበኛል።

ስለ ሦስተኛው ደረጃ ግን... አንተ ሞኝ! እሱንማ ፎቶ አንሺው ከመውደቄ ሳምንት ቀደም ብሎ ሚስማር መትቶበታል። የወደቅሁት ከታች ሁለተኛው ላይ ነው። ለምን መሰለህ? በበሩ አንዲት ሴት ታልፋለች፤ የኮቷ የጀርባ ስፌት ጠማማ ነው። ‹የማን እጅ ነው እንዲህ ያበላሸው?› ብዬ አንገቴን ሳሰግግ እግሬን ረሳሁት። የሰው ስፌት ስትነቅፍ ወደቀች ይባልልኝ? ‹አዳለጠኝ› ብዬ ዝም አልኩ። አንተ በዚህ ስትቃጠል መክረምህን ባውቅ ኖሮ ውርደቴን በገበያ አስለፍፈው ነበር። አንተ ይቅር በለኝ።

መልቀቂያ የምትባል ወረቀት ከጻፍክ ግን እህት የለህም።

እህትህ

ታኅሣሥ 19

ለእታለም፣

ኮቱን ሳነብ እንዴት እንደሳቅሁ! አከራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙኝ፤ ‹ምን ነካህ?› ብለው መጡ። ከሳቁ በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ። ሰባት ወር የተሸከምኩት የሴትየዋ ኮት ኖሯል።

መልቀቂያ አልጻፍኩም። የምንጩ ጠባቂ ግን የሚሉሽ አለ፤ አሁን አጠገቤ ቆመው ‹ቃል በቃል ጻፍ› እያሉኝ ነው። ሽማግሌው ሌላ ግራ ልሥራልዎት ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ ያ ቆዳ አልቋል፣ ሌላው ቀለሙ አይመሳሰልም። እንግዲህ ቃላቸው ይሄ ነው፦

‹ቀኝሽን ልኬልሻለሁ። ግራዬ አንቺ ቤት ነው። የልጄ ምርቃት ጥር ሃያ አምስት ነው። ፎቶ አንሺ የሚባለው ሰው እንዳይነካው። ራስሽ ይዘሽው ሄደሽ ላኪልኝ። ካልላክሽው በቦቲዬ እሄዳለሁ፤ ልጄ በሰው ፊት ስታፍር ዕዳው ያንቺ ነው። እኔ በዕድሜዬ ሰባት ኪሎ ሜትር ወርጄልሻለሁ፤ አንቺ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ውረጂልኝ።›

በቃ፣ ሄደዋል። ጫማው እዚህ ጥቅል ውስጥ ነው፤ አሁን ግራም ቀኝም አለሽ፣ አንድ ትርፍ ግራም አለሽ። እኔ የምልሽ ትንሽ ነው። ሥራ የጀመርኩ ቀን ዘጠኝ ቆጣሪ ብቻ ነበር ያነበብኩት፤ ሦስት መቶ ሦስት ይቀረኝ ነበር። ደብተሬ ግን ከተማውን በሙሉ አንድ ገጽ ላይ አልጻፈውም፤ በቀን አንድ ገጽ ነው። አንቺም በቀን አንድ ገጽ አንብቢ። ከበራችን እስከ ፖስታ ቤት አራት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ድሮ ስትልኪኝ እየቆጠርኩ ነበር የምሄደው። ያኔ እግሬ አጭር ስለነበር ላንቺ ያንሳል።

ዳዴ

ታኅሣሥ 28

ዳዴ፣

ጫማው ገባልኝ። ቀኙም። አበጥ ያለውን ጉልበቴን ይዤ ትንሽ ታገልኩና ገባ።

ዛሬ አራት ደረጃ ወረድኩ። አራተኛው ላይ ታቹን አየሁት፤ ዞረብኝ፣ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በቂጤ እየተንፏቀቅሁ ወደ ላይ ተመለስኩ። ትዝ አልከኝ። በዚህ ዕድሜዬ አንተን ሆንኩ።

እሷን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ፎቶ አንሺው ይላክላት። የሰው ልጅ ምርቃት በእኔ ፍርሃት አይበላሽ። አልቻልኩም።

እህትህ

ጥር 4

እታለም፣

ጠየቅኋቸው። ‹አልቀበልም› አሉ። ‹እስከ ሃያ አምስት፣ ገና ሃያ አንድ ቀን አለ› ብለው ቦቲያቸውን ሳብ አደረጉና ወደ ምንጫቸው ተመለሱ። እኔን አትቆጪኝ።

ዛሬ ግን ሥራ ላይ አንድ ነገር ታየኝ። ከዳገቱ አናት ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ውስጡን ለማየት በብረት መሰላል እወርዳለሁ፤ ሃያ ሁለት እርከን ነው፣ ታቹ ጨለማ። እንዴት እንደምወርድ ታውቂያለሽ? ፊቴን ወደ መሰላሉ፣ ጀርባዬን ወደ ገደሉ አድርጌ። ታቹን አላየውም፤ የማየው የያዝኩትን ብረት ብቻ ነው። እግሬ ራሱ እየዳሰሰ ቀጣዩን ያገኘዋል።

አንቺም ዞረሽ ውረጂ። ፊትሽን ወደ ክፍልሽ፣ ሁለት እጅሽን በመደገፊያው። ዳዴ ስታስብዪኝ ወደኋላ ነበር የምትሄጂው ብለሽኝ የለም? ወደኋላ መሄድ እኮ ሙያሽ ነው።

እኔ ከታች አለሁ ብለሽ ውረጂ።

ዳዴ

ጥር 17

ለዳዴ፣

ይህን የምጽፍልህ በተዋስኩት ብዕር ነው፤ ቶሎ መልሽ ይሉኛልና ፊደሌ ቢቸኩል አትታዘበኝ። መዋሸቴን ስለምታውቅ ‹ወረድኩ› ብልህ አታምነኝም፤ እኔም ብሆን አላምነኝም። ቆጣሪው ከደረጃው ሥር መሆኑን ግን ታውቃለህ። ስለዚህ በራስህ ቋንቋ ልጻፍልህ፦

ጥር 12፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ዞሬ፣ እንዳልከኝ። ከላይ እስከ ታች ፎቶ አንሺው ቡና ጠጥቶ ጨርሶ ሌላ አስቀዳ። ካሜራውን ይዞ ብቅ ሲል ‹ብታነሳኝ ይሄን ምርኩዝ ታገኘዋለህ› አልኩት። ሦስተኛውን ደረጃ ስረግጠው ንቅንቅ አላለም፤ እወቀው።

ጥር 13፣ ያው አሥራ ስምንት። ውሃ እንቆጥባለን።

ጥር 14፣ አልወረድኩም። ጉልበቴ አብጦ አደረ። አልዋሽህም።

ጥር 15፣ አሥራ ዘጠኝ። ሐኪሙ ጋም በመኪና ሄድኩ። ‹የት ነበርሽ?› ብሎ ጮኸብኝ። ‹ዘግይተሻል፤ ግን አልመሸብሽም፤ አሁን አታቁሚ› አለኝ።

ጥር 16፣ ሃያ። ሁለቴ ነው የወረድኩት፤ አንዱን ለአንተ፣ አንዱን ለእኔ። እስከ ብርቱካን ሻጭዋም ሄድኩ። በቅርበት ሳያት ጥላዋ ተቀድዷል፤ ልሰፋላት ተስማምተናል። ያን ዕለት ማታ ከስፌት መኪናዬ ላይ ጨርቁን አነሳሁ። ትንሽ ረገጥኩት፣ ባዶውን፣ ያለ ክር።

መንገድ ላይ ዛሬ አንድ ሰውዬ አየሁ፤ ኮሌታው ተጣሞ የተሰፋ ነው፣ ዓይን ያማል። መጀመሪያ ቆምኩ፣ ምርኩዜን ተከልኩ፣ ከዚያ እስኪበቃኝ አየሁት።

ለጠባቂዋ ንገራቸው፤ ግራቸው በአስቸኳይ ተልኳል፣ አራት ቀን ነው ብለውኛል። ዳር ዳሩን በሰም አሽቼላቸዋለሁ። ከምርቃቱ በኋላ እዚያው ከምንጩ አጠገብ ድንጋይ ይያዙልኝ። አንተ ደግሞ ሰባት ኪሎ ሜትር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠርልኝ፤ በአንድ ገጽ ሳይሆን በብዙ ገጽ።

አራት መቶ ሠላሳ ያልከኝ ስህተት ነው። ለእኔ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሆነ። እግርህ ያጠረ ነበር አልክ? እኔ ዛሬ ከዚያም አጥሬ ነው የሄድኩት፣ ግን ደረስኩ።

ጥር 17፣ ስድሳ ሺህ ሰባት መቶ አርባ አራት።

ይሄኛው የእኛ አይደለም። የፖስታ ቤቱ ነው፤ ከበሩ በስተግራ፣ ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር፣ መስታወቱ አቧራ ለብሷል። ተንበርክኬ ነው ያነበብኩልህ። ደግሞም ተነሥቻለሁ።

እህትህ